በቀን የተፈተነ ካሜራ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ማታ፣ መብራት በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ የአበባውን ቀለም ሳይቀር ለይቶ ፎቶ ያነሳል። ስንት አስር ሺህ ዶላር የወጣበት ፒካፕ ግን የኋላ ማርሽ ስታስገቡለት ስክሪኑ ላይ የሚያመጣው ግራጫ ጉም ነው። ጉሙ ውስጥ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ ደምቀው የሚታዩት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሆነው የተሠመሩት መስመሮች ብቻ ናቸው። አጥሩ የቱ ጋ ነው የሚያልቀው? ያ ጥቁር ነገር ጥላ ነው ወይስ ልጆች ጥለውት የገቡት ብስክሌት? ቀን ሁሉን ጥርት አድርጎ ያሳይ የነበረው ካሜራ ማታ ምን ነካው?

ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም አልሆነም። የሚያስፈልገው ብርሃን የለም፣ ያ ነው ነገሩ። ስልኩና የመኪናው ካሜራ የሚለያዩበትን ካየን የቀረው ይገባናል።

ስልኩ ጨለማ ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ እጃችሁን እንዳታንቀሳቅሱ ይነግራችኋል። ለአንድ፣ ለሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ሰከንድ ብርሃን ይለቅማል፤ ብዙ ምስል አንስቶ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርብና አንድ የጠራ ምስል ይሰጣል። የመኪናው ካሜራ ይህ ፋታ የለውም። መኪናው እየሄደ ነው፤ ከሁለት ሰከንድ በፊት የነበረውን ግቢ ቢያሳይ ማንን ይጠቅማል? በሰከንድ 30 ምስል የሚልክ ካሜራ ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚለቅምበት ጊዜ ቢበዛ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ነው። በዚያ ላይ ሌንሱ ትንሽ፣ ከሌንሱ ኋላ ያለው ምስል ተቀባይ ቺፕም ትንሽ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ያገኘውን ደካማ ምልክት ያጎላል። ጣቢያ በደንብ ያልያዘ ሬዲዮ ድምፁን ከፍ ስታደርጉት ጫጫታውም አብሮ እንደሚጨምር፣ ካሜራውም ምስሉን ሲያጎላ ረብሻውን አብሮ ያጎላዋል። ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ያ ነው።

ይህን ያህል ስለ አሠራሩ። እኔን ይህን ነገር እንዳነሳው ያደረገኝ ግን ሌላ ነው፤ ካሜራውን የግድ ያደረገው የአሜሪካ ሕግ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2002 ኦክቶበር ወር ኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ ውስጥ ካሜሮን ጉልብራንሰን የሚባል የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። አባቱ የሕፃናት ሐኪም ነው። ማታ ነበር፤ አባት መኪናውን በኋላ ማርሽ ወደ ግቢው መግቢያ እያስገባ ነበር። የጎን መስታወቶቹን አይቷል፣ ዞሮም ተመልክቷል። ልጁ ከቤት መውጣቱን አላወቀም፤ ቁመቱም ከኋላ መስኮቱ በታች ስለነበር ሊታየው አልቻለም። አንድ አባት ሊሸከመው ይችላል ተብሎ የማይታሰብ ነገር ነው። እሱ ግን ሐዘኑን ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም፤ ሌሎች ልጃቸውን እንዲሁ ካጡ ወላጆች ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ሕግ አውጪዎቹን ሞገተ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በሕፃኑ ስም የተሰየመውን ሕግ ፈረሙበት።

ሕጉ ተፈረመ እንጂ ካሜራው ወዲያው አልመጣም። ዝርዝር ደንቡ በ2011 እንዲወጣ ታዝዞ ነበር፤ ቀኑ ተገፋ፣ እንደገና ተገፋ። በ2013 ወላጆችና የደኅንነት ተሟጋቾች መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆሙት። ደንቡ የወጣው ማርች 31 ቀን 2014 ነው፤ አዲስ የሚሠራ ቀላል መኪና ሁሉ ካሜራ እንዲኖረው የግድ የሆነው ደግሞ ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ። ልጁ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት አልፎ ማለት ነው። የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንቡን ሲያወጣ ባቀረበው ግምት፣ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ተገጭተው በየዓመቱ 210 ያህል ሰዎች ይሞታሉ፣ 15,000 ያህል ይጎዳሉ። ከሟቾቹ 31 በመቶው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ 26 በመቶው ደግሞ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አረጋውያን ናቸው። በእኛ ቤት ቋንቋ ስንናገረው፣ ትንሹ ልጅና አያቱ።

አሁን ደንቡ ካሜራውን እንዴት እንደሚፈትነው እንይ። ከመኪናው ኋላ 10 ጫማ በ20 ጫማ፣ በሜትር 3 በ6 ያህል የሆነ ቦታ ይሠመራል። በዚያ ቦታ ላይ ሰባት ሲሊንደሮች ይቆማሉ። የእያንዳንዱ ቁመት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል የሆነውን ሕፃን ቁመት ታሳቢ ያደረገ ልክ ነው። የኋላ ማርሽ ከገባ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ምስሉ ስክሪኑ ላይ መምጣት አለበት፤ ሲሊንደሮቹም ሊታዩ ይገባል። እስከዚህ ድረስ በጥንቃቄ የታሰበበት ነው፤ እንዲህ ያለ ልክ ያወጡ ሰዎች ሥራቸውን ያከበሩ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ግን ብርሃኑ ላይ እንደርሳለን። ደንቡ ፈተናው የሚካሄድበትን ብርሃን ይወስናል፤ ከላይ እኩል የተሰራጨ፣ በመኪናው ጣሪያ ላይ ሲለካ ከ7,000 እስከ 10,000 ሉክስ የሆነ። ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በደንብ የበራ ቢሮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። የመንገድ መብራት ያለበት ሰፈር አስፋልቱ ላይ 10 ሉክስ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት፣ ያውም ደመና ሳይኖር፣ አንድ ሉክስ እንኳ አይሞላም፤ ሩብ ያህል ነው። እንግዲህ 7,000 ሉክስ ማለት ፀሐይ በቀጥታ ባታርፍበትም ሙሉ ቀን ማለት ነው። ስለ ማታ ፈተና ደንቡ ምንም አይጠይቅም።

ማታ ከደረሰ ሐዘን የተወለደ ሕግ ካሜራውን የሚፈትነው በጠራራ ቀን ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል።

ደንቡን ላወጡት ሰዎች ፍርድ ልስጥ ካልኩ፣ ምክንያታቸው አይጠፋኝም። ፈተና ማለት ዛሬም ነገም፣ እዚህም እዚያም ሲደረግ ያው ውጤት የሚሰጥ መሆን አለበት፤ የቀን ብርሃን ደግሞ ለመለካትም ለመደጋገምም ይቀላል። የተሻለ መሥራት ለሚፈልግ አምራችም በሩ ክፍት ነው፤ ብዙዎቹም በጨለማ የተሻለ የሚያይ ቺፕ ማስገባት ጀምረዋል። ነገር ግን ሕግ የሚያወጣው ዝቅተኛውን ልክ ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ አምራች የሚሠራው ደግሞ እዚያው ዝቅተኛው ልክ ላይ ነው። ለዚህ ነው ካሜራው ሕጋዊ ሆኖ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ማታ ላይ ግን ጉም የሚያሳየው። የማታ ፈተና ሊጨመር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሰባቱን ሲሊንደሮች ጨለማ ውስጥ አቁሞ፣ የመኪናው የራሱ የኋላ መብራት ብቻ በርቶ፣ ይታያሉ ወይስ አይታዩም ብሎ መጠየቅ ከባድ ነገር አይደለም።

እስከዚያው ግን መኪናው በእጃችሁ ነው፤ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ከፒካፑ ኋላ ቁሙና መብራቱን እዩ። የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚበሩት ሁለቱ ነጭ መብራቶች በብዙ መኪና ላይ ተራ አምፖሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ16 እስከ 27 ዋት ቢሆኑ ነው። በቀኝና በግራ ጥግ ስለተቀመጡ ብርሃናቸውን ወደ ኋላና ወደ ጎን ይበትኑታል። መሐሉ፣ ከባምፐሩ ሥር ያለው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የጨለመው ነው፤ ሕፃን ወይም ድመት ሊቀመጥበት የሚችለውም እሱ ነው። ካሜራው የጭነት ሳጥኑ በር እጀታ ላይ ሆኖ ወደዚያ ጨለማ ቁልቁል ያያል። አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ፤ ፍሬን ስትይዙ ስክሪኑ ቀላ ብሎ ይበራል፣ ፍሬኑን ስትለቁት ምስሉ ይጠወልጋል። ፍሬን በያዛችሁበት ጊዜ ግቢውን ሲያበራላችሁ የነበረው ነጩ የኋላ መብራት ሳይሆን ቀዩ የፍሬን መብራት ነው። ነጩ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የምታወጡት ለብርሃን ይሁን፤ ካሜራው ይቆይ። ለመኪናው ልክ የሆነ ጥሩ ኤልኢዲ አምፖል ብቻ ምስሉን በብዙ ይለውጠዋል። ያ ካልበቃ ከባምፐሩ ሥር ተጨማሪ መብራት ማስገባት ይቻላል፤ ወደ መሬት ዘንበል ብሎ ይታሰር፣ የጎረቤትን መኝታ ቤት አያብራ። ሽቦውን ከአምፖሉ ሽቦ ላይ ቀጥታ አትቀጥሉት፤ በሪሌ ይሁን፣ ፊውዝም ይኑረው። የሚበራውም የኋላ ማርሽ ሲገባ ብቻ ይሁን። ወደ ፊት እየነዱ ወደ ኋላ ነጭ መብራት ማብራት ከኋላ የሚመጣውን ሹፌር ያደናግራል፤ ሕግም ይከለክላል።

ከመብራቱም በፊት ግን አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ፤ ሌንሱን ጥረጉት። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል፣ ግን ቀን ላይ የማይታወቅ ስስ አቧራ ማታ የመንገድ መብራት ወይም የሌላ መኪና ፊት መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን በሌንሱ ላይ ሁሉ ይበትነዋል። የክረምት መንገድ ጨው ባለበት አገር ደግሞ ነጭ ሽፋን ይሠራበታል። በመጀመሪያ ውኃ አፍስሱበት፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጨርቅ። ደረቅ አቧራን በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ የተጫረ ሌንስ ደግሞ ማታ የትኛውንም መብራት ወደ ጮራ ይለውጠዋል። ከውስጥ እርጥበት ገብቶ የታፈነ ከሆነ፣ ወይም ፕላስቲኩ በፀሐይ ብዛት ከደበዘዘ፣ መጥረግ አያድነውም፤ ያን ጊዜ ካሜራው ይቀየር።

ስክሪኑን ማድመቅ ለሚለው መፍትሔ ብዙ ጊዜ አልሰጠውም። የፊት መብራት ስታበሩ ብዙ መኪና የስክሪኑን ድምቀት በራሱ ይቀንሳል፤ ከልክ በላይ ከቀነሰው ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን ስክሪን ማድመቅ ካሜራው ያላየውን ነገር አያመጣም። ጉዳትም አለው። ዓይናችን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በደመቀ ስክሪን ላይ ትንሽ ካፈጠጥን ያ ልማድ ይጠፋል፣ ቀና ብለን የጎን መስታወቱን ስናይ ጥቁር ነው የሚሆንብን። ማታ ከስክሪኑ ይልቅ ስፖኪዮና የተከፈተ መስኮት ብዙ ነገር ይናገራሉ።

ካሜራ ለመቀየር ለወሰናችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ካርቶኑ ላይ "0.1 ሉክስ" ተብሎ ስለተጻፈ አትመኑ፤ እያንዳንዱ ሻጭ በራሱ መንገድ ለክቶ የሚጽፈው ቁጥር ነው። በሌሊት የተነሳ ቪዲዮ አሳዩኝ በሉ። በዙሪያቸው ትናንሽ ኢንፍራሬድ መብራት ያላቸው ካሜራዎች አሉ፤ ማታ ጥቁርና ነጭ ምስል ይሰጣሉ፤ ብርሃናቸው ለእኛ ዓይን ስለማይታይ ጎረቤትም አይረብሹም። ለጥቂት ሜትር ርቀት በእርግጥ ይሠራሉ። ነገር ግን ኢንፍራሬድ ነገሮችን እንደ ዓይናችን አያያቸውም፤ ጥቁር ጃኬት ነጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሌንሱ ላይ ጭቃ ካለ ደግሞ የራሱ መብራት ከጭቃው ተመልሶ ምስሉን ያጠፋዋል። ሌላው፣ ከጀርባችሁ የበራ መብራት ሲኖር ካሜራው ከዚያ ብርሃን ጋር ራሱን ያስተካክልና የቀረውን ሁሉ ያጨልመዋል። ጥሩ ቺፕ ያለው ካሜራ ብሩሁንና ጨለማውን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ርካሹ አይችልም። ዋጋው የሚለያየው በዚህ ነው።

ባምፐሩ ላይ ያሉት ቲት ቲት የሚሉት ሴንሰሮች ብርሃን አይሹም፤ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠሩት። ማታ ከካሜራው የተሻለ ወዳጅ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ቀጭን ብረትና ለስላሳ ልብስ የለበሰ ሰው ግን ሊያመልጣቸው ይችላል። ዝም አሉ ማለት ከኋላ ማንም የለም ማለት አይደለም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፒካፕ ነው። አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ ከአንባቢዎቼ መካከል ብዙዎቻችሁ፣ ወይም ወንድማችሁ፣ ወይም ባለቤታችሁ፣ እዚህ አሜሪካ ከባድ መኪና ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁና።

አገር ቤት ተሳቢ የሚጎትት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል። ከኋላ በግራ በኩል፣ ሹፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ ይቆምና "ና! ና! ና! … ቁረጥ! … መልስ! … ና! … በቃ!" ይላል። ድምፁ ባይሰማ እንኳ ስፖንዳውን በመዳፉ ሲመታ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል። ረዳቱ ልጅ ሲሮጥ ካየ ልጁን ይይዛል፣ ሽማግሌ ካየ "አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ" ይላል። ሌሊትም ቢሆን በእጅ ባትሪ ያሳያል። በአሜሪካ ጎዳና ላይ ያለው ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። ረዳት የለም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሕጉም ለእሱ ካሜራ አላሰበለትም፤ ያ የ2014ቱ ደንብ የሚመለከተው ከነጭነታቸው የተፈቀደላቸው ክብደት እስከ 10,000 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 4,536 ኪሎ የሆኑትን መኪኖች ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከባድ መኪና ከደንቡ ውጭ ነው። አውሮፓ በዚህ ቀድማለች፤ እዚያ ከ2024 ጀምሮ አዲስ የሚመዘገብ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ሳይቀር ከኋላው ያለውን ሰው ለሹፌሩ የሚያሳይ ወይም የሚያሳውቅ መሣሪያ እንዲኖረው ይገደዳል።

የተሳቢው ነገር ከሁሉ የከፋ ነው። 53 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር የሚሆን ተሳቢ ከኋላችሁ አለ። በአሜሪካ ደንብ የኋላ ማርሽ ነጭ መብራት ለመኪና የግድ ነው፤ ለተሳቢ ግን አይደለም። ጎታቹ መኪና መብራቱ አለው፣ ግን ያ መብራት የተሳቢውን ሆድ ነው የሚያበራው። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው የሚሄደው ገመድ ሰባት ሽቦ ነው፤ የመሬት፣ የዳር መብራት፣ የግራ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የቀኝ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ የመጨረሻው ለኤቢኤስ ፍሬን። ለኋላ ማርሽ መብራት የተመደበ ሽቦ የለም፤ ለካሜራማ ጭራሽ። ተሳቢው የሹፌሩም አይደለም፤ ዛሬ አንዱን ይጎትታል፣ ነገ ሌላውን። ስለዚህ በማግኔት የሚለጠፍ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ምስሉን ያለ ሽቦ የሚልክ ካሜራ የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እዚያ የሚለጠፈው ካሜራ የሚያየው ቀይ የኋላ መብራት የሚደርስበትን ብቻ ነው፤ ቀይ ብርሃን ደግሞ ትንሽ ነው። ኢንፍራሬድ ያለው ካልሆነ ማታ ላይ ዋጋ የለውም ብዬ በግልጽ ልናገር።

ለምን ማታ? ይህን የሚጠይቅ ሰው የሹፌሩን የሥራ ሰዓት ደንብ አያውቅም። ሹፌሩ በቀን 11 ሰዓት መንዳት ይችላል፤ እሱም ሥራ ከጀመረበት በሚቆጠር የ14 ሰዓት መስኮት ውስጥ ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቱን የሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው፤ ደቂቃ አያሳልፍም። መጋዘኑ ጭነት ሳያራግፍ ሲያዘገየው የሹፌሩ መስኮት ይበላል። ከዚያ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ትራክ ስቶፕ ይገባል። ምሽት ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ቦታው ሞልቷል። ያለችው አንዲት ክፍተት በሁለት ከባድ መኪኖች መካከል፣ መብራቱ በማይደርስበት ጥግ ናት። ወደዚያ በኋላ ማርሽ መግባት አለበት። ከጎኑ ባለው መኪና ጋቢና ውስጥ ሰው ተኝቷል። በመኪኖቹ መካከል ሻወር ሊወስድ የሚሄድ፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰ ሰው ሊኖር ይችላል። የመኪና ማቆሚያ እጥረቱ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን የአሜሪካ ምክር ቤት ራሱ አምኗል፤ በ2012 የወጣውና "የጄሰን ሕግ" የሚባለው፣ በ2009 ደኅንነቱ የተጠበቀ ማቆሚያ አጥቶ በተተወ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሳለ በተገደለ የከባድ መኪና ሹፌር ስም የተሰየመ ነው።

የዚህ አገር የከባድ መኪና ማሠልጠኛዎች አንድ ትእዛዝ ያስተምራሉ፤ ውረድና እይ። ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከካሜራ ሁሉ በላይ የማምነው ይህን ነው። ደክሟችኋል፣ ዝናብ ነው፣ ከኋላ የሚጠብቀው መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ ቢሆንም ውረዱ። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ በተሳቢው ኋላ ዙሩ። ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ፣ ከታች ያለውን ብረት፣ የጎረቤቱን መኪና አፍንጫ እዩ። በኋላ ማርሽ ግማሽ መንገድ ከገባችሁ በኋላ ጥርጣሬ ከመጣባችሁ ዳግመኛ ውረዱ፤ ወጥታችሁ መሪ እስክትይዙ ነገሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላልና። የአደጋ መብራታችሁ ይብራ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ሬዲዮው ይጥፋ። ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ይጠብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚልኩ። ለአገር ቤት ሰው ካሜራ ገዝታችሁ የምትልኩ ካላችሁ፣ የአሜሪካ ከባድ መኪና በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን አገር ቤት ያለው ሲኖትራክና ሌላው ትልልቅ የጭነት መኪና ግን 24 ቮልት ነው። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ካሜራ እዚያ ቢገጠም ይቃጠላል። ካርቶኑ ላይ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚል ካለ ብቻ ግዙ።

ፒካፕ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ልትሠሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ቤት ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ካርቶን ፈልጉ፤ ጥቁር ልብስ አልብሱት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ የግቢው መብራት ጠፍቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ የኋላ ማርሽ አስገቡና የእግር ፍሬኑን ልቀቁት። አውቶማቲክ ከሆነ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ፤ አንድ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው ማርሹ ከመግባቱ በፊት ካርቶኑን ያኑርና ከመኪናው ኋላ ዞር ይበል። አንድ ሜትር ላይ፣ ቀጥሎ ሦስት ላይ፣ ቀጥሎ ስድስት ላይ፤ ከመሐል፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ካርቶኑ በተነሳ ቁጥር ማርሹ ፓርክ ላይ ይመለስ። ስክሪኑ ላይ የት ድረስ እንደሚታያችሁ፣ የት ላይ ከጨለማው ጋር እንደሚቀላቀል እዩ። ውጤቱ በየቤቱ ይለያያል፤ በአንዳንዱ መኪና ሦስት ሜትር ላይ ይጠፋል፣ በአንዳንዱ እስከ ስድስት ይዘልቃል። አምፖሉን ከቀየራችሁ በኋላ ደግማችሁ ሞክሩት። ያገኛችሁትንም ያንን መኪና ለሚነዳ የቤት ሰው ሁሉ ንገሩት፤ ባልም ይወቀው፣ ሚስትም፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ልጅም።